ባለ ብዙ በር የኃይል መቀየሪያ ለገጠር ጤና ተቋማት

ከዋናው የኤሌክትሪክ መስመር ርቀው ለሚገኙ ጤና ተቋማት የፀሐይ ኃይል ከባትሪ ጋር ተቀናጅቶ አገልግሎት መስጠት እንደሚችል ይታወቃል። በማቀዝቀዣ የሚቀመጡ አብዛኞቹ ክትባቶች ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለው ሙቀት መቆየት ስለሚኖርባቸው ኃይሉ ሌሊትም መቋረጥ የለበትም።

የፀሐይ ሰሌዳው የሚሰጠው ቮልቴጅ እንደ ደመናውና እንደ ሙቀቱ ይለዋወጣል፤ ባትሪውና መሣሪያዎቹ ደግሞ የየራሳቸው መጠን አላቸው። በተለመደው አሠራር በየመካከላቸው መቀየሪያ ለየብቻው ይገጠማል። እያንዳንዱ መቀየሪያ ከተቀበለው ኃይል 95 በመቶውን ቢያሳልፍ፣ በሁለት መቀየሪያዎች ያለፈው ኃይል 90 በመቶ ያህል፣ በሦስት ያለፈው ደግሞ 86 በመቶ ያህል ብቻ ይሆናል። ቀሪው በሙቀት መልክ ይባክናል።

ባለ ብዙ በር መቀየሪያ ሰሌዳውን፣ ባትሪውንና መሣሪያዎቹን በአንድ አካል ያገናኛል። ቀን ኃይሉ በአንድ ደረጃ ብቻ አልፎ ከሰሌዳው ወደ ማቀዝቀዣው ሲደርስ ትርፉ ባትሪውን ይሞላል፤ ሲመሽ የባትሪው በር አቅጣጫውን ለውጦ ኃይል ይሰጣል። በሮቹ የውስጥ ክፍሎችንና መቆጣጠሪያውን በጋራ ስለሚጠቀሙ የዕቃው ብዛትና ክብደት ይቀንሳል።

ይሁን እንጂ የግዥ ኃላፊዎች ከዋጋው አስቀድመው ሊያጤኑት የሚገባ ጉዳይ አለ። ለየብቻ ከተገጠሙት መቀየሪያዎች አንዱ ቢበላሽ ሌሎቹ በከፊል ሊያገለግሉ ይችላሉ፤ የጋራው መቀየሪያ ሲበላሽ ግን ባትሪው ሙሉ ሆኖ ሳለ ማቀዝቀዣው ሊቆም ይችላል። የአንዱ በር መዋዠቅ ሌላውን ስለሚነካ ጥገናውም በመስኩ የሠለጠነ ባለሙያ ይጠይቃል። በመሆኑም የጨረታ ሰነዱ መለዋወጫ በቅርብ እንዲገኝና ባትሪውን ከማቀዝቀዣው ጋር በቀጥታ የሚያገናኝ የአደጋ ጊዜ መስመር እንዲኖር ማስገደድ ይኖርበታል።