ጸጥ ያለ ሰፈር ለሚሹ ቤት ገዢዎች

በሁሩታ ከተማ የቤት ሽያጭ ውል በማርቀቅና ተዋዋዮችን በማማከር ለምኖር ለእኔ፣ በመሳቢያዬ ከተከማቹት መዛግብት ሁሉ ንጹሕ የሆነው፣ ይኸውም በካርታው ላይ ስርዝ ድልዝ የሌለበት፣ እግድም ሆነ የባንክ ዋስትና ያልተመዘገበበት፣ የባልና የሚስት ፊርማ ያልጎደለበት፣ የሊዝ ክፍያውም ያልተዛነፈበት አንድ መዝገብ፣ ጉድለት ካለባቸው መዛግብት ይልቅ ሐሳቤን ሲያውከው ይኖራል። ገዢዋ በጅዳ በሰው ቤት ሠርታ የወዟን ዋጋ ይዛ የተመለሰች ሴት ነበረች። ከእኅቷ ባልና ከደላላው ጋር ወደ እኔ በመጣች ጊዜ ሁለት ቤት አይታ ነበር፤ አንደኛው በገበያው አቅራቢያ በቀድሞው ሰፈር ያለ፣ ግድግዳው ጭቃ፣ ቆርቆሮው የዛገ፣ ከፊቱ ሱቅ፣ ከጎኑም እንጀራ ጋጋሪ ያለበት ሲሆን፣ ሁለተኛው በማስፋፊያው በብሎኬት የተሠራ፣ በረጅም አጥርና በብረት በር የተከበበ አዲስ ቤት ነው። «ጋሼ፣ እኔ ከእንግዲህ ጸጥ ያለ ሰፈር ነው የምፈልገው፤ የሰው ጩኸት በቅቶኛል» አለችኝ። ደላላውም እጁን እያፍተለተለ «ኧረ ዝንብ አይሰማበትም!» ሲል አጸናላት፤ ፈረመች።

ሌባው የመጣው በጠራራ ፀሐይ ነው። እርሷ ለጉዳይ ወደ አዳማ በወረደችበት ዕለት ጋሪ ይዞ መጥቶ፣ በሩን በእርጋታ ፈልቅቆ፣ ሮቶውን ከሰቀላው አውርዶ፣ ቴሌቪዥኑንና ፍራሹን፣ የቀረውንም የቤት ዕቃ በመልክ በመልኩ ጭኖ፣ ቤት እንደሚቀይር ሰው በሰላም ሄደ። ፖሊስ ምስክር ሲሻ ከግራ ያለው ቤት ባለቤት ዱባይ፣ ከቀኝ ያለው አዲስ አበባ፣ ከፊት ያለው ደግሞ ገና ያልተገነባ፣ በቆርቆሮ የታጠረ ቦታ ሆኖ ተገኘ። «ለካ ጸጥታውን የገዛሁት ለሌባው ኖሯል» አለችኝ፤ ምን እንደምመልስላት ጨነቀኝ።

ነገሩ የአንዲት ሴት መከራ ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዕር ባላነሣሁ። ነገር ግን ከስንዴው አዝመራ በኋላ ገንዘብ የያዘው ገበሬ፣ ከአረብ አገር የተመለሰችው እኅት፣ ጡረታ የወጣው መምህር፣ ልጆቹን በከተማ ሊያስተምር የሚሻው ነጋዴ ሁሉ፣ የሚናገሩት ቋንቋና የሚከተሉት ሃይማኖት ቢለያይም፣ በእኔ ጠረጴዛ ፊት ሲቀመጡ አንድ ዓይነት ቃል ይናገራሉ፤ «ጸጥ ያለ ሰፈር» ይላሉ። ስለ ካርታው እኔው እጨነቅላቸዋለሁና ስለ እርሱ አይጠይቁም፤ ስለ ጎረቤት ሲጠየቁም «ሰው የለበትም» ብለው እንደ ትልቅ ጸጋ ይነግሩኛል። እንዲህ ያለውን ቃል ሰምቼ ከመታከቴ የተነሣ አንዳንድ ጊዜ «ሰው ከሌለበት እናንተስ ለምን ትገባላችሁ?» ብዬ ልመልስ ይቃጣኛል።

አርምሞ ለባሕታውያን ያማረ ነው፤ ዓለምን ንቀው በፈቃዳቸው የተለዩ ናቸውና፣ የሚሰረቅ ሮቶም የላቸውምና። በከተማ ዳር ያለው ጸጥታ ግን ከቅድስና የመጣ አይደለም። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ለመኖሪያ ቤት እስከ 99 ዓመት የሚደርስ ይዞታ የሚሰጥ ሲሆን፣ ባለይዞታው በተወሰነለት ጊዜ ግንባታ ካልጀመረ ቦታውን ሊያጣ እንደሚችል ስለሚደነግግ፣ ብዙ ሰው ቦታውን ላለማጣት ያህል መሠረት አውጥቶ፣ አጥር አጥሮ፣ አንዳንዱም ቤቱን ጨርሶ ቆልፎ ዋጋው እስኪወጣ ይጠብቃል። እንግዲህ ገዢው በጥር ፀሐይ ሲያልፍ የሚያየው የተሰለፈ አጥር፣ የተዘጋ በርና የተወለወለ መስኮት የሰላም ምልክት መስሎ ይታየዋል፤ እውነቱ ግን የባለቤቶቹ ከዚያ አለመኖር ነው። የእነዚህን ሁለት ነገሮች ልዩነት ሳያውቁ ቤት መግዛት ምን ያህል አደገኛ እንደ ሆነ ለማስረዳት ብዙ ደክሜአለሁ።

ይህን የምለው ከሁሩታ ጠባብነት የተነሣ የሚመስለው አንባቢ ቢኖር፣ ጄን ጄኮብስ የተባለች አሜሪካዊት ጸሐፊ በኒው ዮርክ ከተማ ተቀምጣ በ1961 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ስለ ታላላቅ ከተሞች ሞትና ሕይወት በሚናገረው መጽሐፏ፣ ጎዳናን በመጀመሪያ የሚጠብቀው ፖሊስ ሳይሆን በየደጁ የሚውለው ባለሱቅ፣ በመስኮት የምታየው እናት፣ ገብቶ የሚወጣውም መንገደኛ መሆኑን በሰፊው አትታለች። የእኛ ሰው ይህን ለማወቅ መጽሐፍ ማገላበጥ አያስፈልገውም፤ በደጁ ቡና የምታፈላው እመቤት እንግዳ ሰው ሲያልፍ አንገቷን ቀና አድርጋ «የማን ነህ ልጄ?» ስትል ያደገ ነውና። ግን ገንዘብ ሲይዝ በመጀመሪያ የሚሸሸው ይህችኑ እመቤት ነው። «ወሬ ታበዛለች» ይላል። አዎን፣ ታበዛለች፤ ጋሪ ይዞ የመጣው ሌባ የሚፈራውም ያንኑ ወሬዋን ነው።

አጥርን ስለ ማርዘም ደግሞ አንድ ነገር ልበል። በአዲስ አበባ የሪል እስቴት መንደሮች በር ላይ ዘበኛ ሲቆም ያየ ሰው፣ ዘበኛውን ትቶ አጥሩን ብቻ ወደ ሁሩታ ያመጣዋል። ባለሦስት ሜትር ቅጽር፣ በላዩ የተሰካካ ጠርሙስ፣ ከዚያም በላይ የሾህ ሽቦ። እንዲህ ያለው ቅጽር ሌባ ገና በውጭ ሳለ ጥቂት ያዘገየው ይሆናል፤ አንዴ ከገባ በኋላ ግን ከመንገደኛ ዓይን ሰውሮ ሥራውን በፍጹም እርጋታ እንዲፈጽም ይጋርደዋል። ከዚህ ይልቅ ቁመቱ እስከ ደረት የሚደርስ፣ ጎረቤት አሻግሮ «እንዴት አደራችሁ?» የሚልበት አጥር እንደሚሻል ስናገር፣ ደንበኞቼ በዕድሜዬ ምክንያት ታግሠው ይሰሙኛል እንጂ የሚያምነኝ የለም።

በአንጻሩ ግርግር ሁሉ ደኅንነት ነው የምል እንዳይመስል ይህን መለየት ይገባኛል። በመናኸሪያ አጠገብ ሰው ሞልቶ ይውላል፤ ነገር ግን ከሚወጣውና ከሚወርደው መካከል ነገ በዚያ የሚገኝ ስለሌለ ማንም ማንንም አይጠብቅም፤ የመርካቶ ኪስ አውላቂም ሲሳዩ ይኸው ነው። አረቄ ቤት በደጁ የተከፈተበት፣ ሌሊት ጠብ የማይለየው ሰው ቢማረርም እውነት አለው፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን እንኳ በአንቀጽ 1225 ባለ ንብረት በጭስ፣ በጥላሸት፣ በመጥፎ ሽታ፣ በጩኸት ጎረቤቱን ከመልካም ጉርብትና ልክ አልፎ እንዳያውክ ይከለክላል። ሕጉ ጩኸትን ፈጽሞ አለመከልከሉን፣ ልኩንም በጉርብትና መመዘኑን ልብ ይሏል። እኔ የምለው መጠኑን ሳይሆን የሰዎቹን ማንነት እንመልከት ነው፤ ጩኸቱ በዚያ ውለው የሚያድሩ፣ ለቅሶ የሚደራረሱ፣ ልጆቻቸው በአንድ ትምህርት ቤት የሚማሩ ሰዎች ጩኸት ከሆነ፣ ያ ጩኸት ከየትኛውም ዘበኛ ይበልጣል።

ስለዚህም ምክር የሚሻ ሰው ሲመጣ ከካርታው ቀጥሎ ስለ ዕድሩ እጠይቃለሁ። በሰፈሩ ዕድር ወይም ኦሮሞው አፎሻ የሚለው ማኅበር አለን? አዲስ ገቢ ይቀበላልን? የመግቢያው ገንዘብ ስንት ነው? የዕድሩ ዳኛስ ቤቱ ከሚገዛው ቤት ምን ያህል ይርቃል? ደላላዎች በዚህ ጥያቄ ይሥቃሉ፤ አንዱማ «ጋሼ፣ እኛ ቤት እንጂ ለቅሶ አንሸጥም» ብሎኛል። ነገር ግን ዕድር በአንድ ሰፈር ስንት ቤት በእውነት ሰው እንደሚኖርበት ከማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ ይልቅ ያውቃል፤ መዋጮ የማይከፍለውን ስም እየጠራ የሚፈልግ ማኅበር ነውና። በአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሲሠሩ ለለቅሶ፣ ለሠርግና ለእርድ የሚሆን የጋራ መገልገያ ቤት በየሳይቱ እንዲኖር የታሰበው በከንቱ አልነበረም፤ ከሰፈሩ ተነቅሎ በፎቅ የሰፈረ ሰው ዕድሩን ይዞ መሄድ እንደማይችል፣ አዲስ ለማቋቋምም መሰብሰቢያ እንደሚያስፈልገው የታወቀ ስለ ሆነ ነው።

ከሁሉ የሚከብደኝ ግን በሹክሹክታ የሚቀርብልኝ ሁለተኛው ጥያቄ ነው። ገዢው ወንበሩን ወደ እኔ ያስጠጋና «ሰፈሩ የማን ነው?» ይለኛል፤ የምን ቋንቋ፣ የምን ሃይማኖት ማለቱ ነው። ጥያቄው ከየት እንደ መጣ ስለማውቅ ለመቆጣት አልደፍርም። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ በኦሮሚያ ከተሞች የሆነውን፣ በሻሸመኔና በዝዋይ የተቃጠለውን፣ በዚህ በአርሲም የደረሰውን ማንም አልዘነጋም፤ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም በዚያ ሁከት 123 ሰዎች መሞታቸውን መዝግቧል። እንዲህ ያለውን ያየ ሰው ከመሰሉ ጋር ተጠግቶ መኖርን ቢመኝ ምን ይደንቃል? ሆኖም በእነዚያ ቀናት ነፍሱ የተረፈ ብዙ ሰው እንዴት እንደ ተረፈ ሲናገር የሰማ ሁሉ የሚያውቀው፣ ከጎረቤት እልፍኝ ተሸሽጎ፣ ጎረቤቱም በሩ ላይ ቆሞ «እዚህ ማንም የለም» ብሎለት መሆኑን ነው፤ ያም ጎረቤት ብዙ ጊዜ በቋንቋም በሃይማኖትም ሌላ ነበር። ብረት በር ሊያድነው ያልቻለውን ሰው ያዳነው ለዓመታት ቡና ያጣጣው ሰው ነው። ቤቱን በሚገዛበት ቀን ይህን ከማን እንደሚያገኝ አስቀድሞ የሚነግረው ካርታ ግን የለም።

የጥንቱ ሰፈር በዚህ በኩል ሀብታም ነበር፤ የኛ ከተሞች ያደጉት ባለጸጋውና ድኻው፣ ወዛደሩና ቀኛዝማቹ በአንድ ጉድባ ዳር እየተጎራበቱ ነውና። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ባደረገ ጊዜ፣ ስለ ፍትሐዊነቱ የሚነሣው ክርክር እንደ ተጠበቀ ሆኖ፣ ይህን መቀላቀል ይበልጥ አጠበቀው እንጂ አልፈታውም። ዛሬ ግን በአንድ ጊዜ በተሸነሸነ ቦታ፣ እኩል ስፋት ባለው መሬት፣ እኩል ገንዘብ ያላቸው ሰዎች ብቻ ይሰፍራሉ፤ ከእነርሱም መካከል ቀን በቤቱ የሚውል የለም። ለሱቅ የሚሆን ማዕዘን አልተተወም፤ የመንገድ መብራቱም ከቤቱ በኋላ ይደርሳል፤ ምናልባት።

ስለ ውኃ መውረጃም ሳልናገር አላልፍም፤ ሰፈርን ጸጥ የሚያደርገው አንዳንድ ጊዜ ይኸው ነውና። የቀደሙት ሰዎች ያልሰፈሩበት ቦታ በከተማ ዳር ባዶ ሆኖ ሲገኝ ምክንያቱን መጠየቅ ይገባል። በሐምሌ መጨረሻ 1998 ዓ.ም. በድሬዳዋ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎች የሞቱት፣ ያ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ሆኖ የሚታይ በመሆኑ ነው። የአርሲ ተራራ በክረምት የሚለቀው ጎርፍ የድሬዳዋን አያህልም፤ ሆኖም በጥር የእግር መንገድ የሚመስለው ሸለቆ በነሐሴ አጥር ይዞ ሲሄድ አይቻለሁ።

ስለዚህ ለገዢ ሁሉ የምሰጠው ምክር በሁለት ጊዜ እየው የሚል ነው፤ አንዴ በምሽት ከሁለት ሰዓት በኋላ፣ የትኛው ቤት መብራት እንዳለው ለመቁጠር፤ አንዴም በሐምሌ፣ ውኃው በየት እንደሚሄድ ለማየት፣ ጉድባውንም ማን እንደሚጠርግ ለማወቅ። የምሽቱን አንዳንዱ ይቀበለኛል። የሐምሌውን ግን ባለፈው ሰሞን ከሁሩታ በላይ ካለው ቀበሌ የመጡ አንድ ሽማግሌ ገበሬ በጨዋነት ሰምተውኝ ሲያበቁ፣ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መልሰው እንዲህ አሉኝ፤ «ልጄ፣ ስንዴ የሚሸጠው በጥር ነው፤ በሐምሌ ገንዘቡ ማዳበሪያ ሆኖ መሬት ውስጥ ነው ያለው። በሐምሌ አይቼ በጥር ልግዛ ብል፣ ደላላው እስከዚያ ለሌላ ይሸጠዋል።» ለዚህ እስከ ዛሬ መልስ አላገኘሁለትም።