የወረርሽኝ ገደቦችና ማኅበራዊ ዋጋቸው፦ ከራያ ቆላ አንጻር

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ መገኘቱ ይፋ የሆነው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። በቀናት ውስጥ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ መጋቢት 30 ቀንም ለአምስት ወራት የሚጸና የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በማስፈጸሚያ ደንቡ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ፤ የሕዝብ ማመላለሻዎችም ከመቀመጫቸው ግማሹን ብቻ እንዲጭኑ ተወሰነ። የአማራ ክልል ቀደም ብሎ በባሕር ዳር፣ በእንጅባራ፣ በአዲስ ቅዳምና በቲሊሊ ከተሞች የ14 ቀናት የእንቅስቃሴ እገዳ ጥሎ ነበር። በአገር ደረጃ ግን ሕዝቡ ሙሉ በሙሉ ቤቱ እንዲውል አልታዘዘም፤ የዕለት ጉርሱን በዕለት ሥራ የሚያገኘው ዜጋ ብዙ ነውና።

የገደቦቹ ዓላማ ንክኪን በመቀነስ የታማሚዎች ቁጥር በአንድ ጊዜ ከጤና ተቋማት አቅም በላይ እንዳይሆን ማድረግ ነበር። ክትባት ባልነበረበትና የጽኑ ሕሙማን ሕክምና በጥቂት ከተሞች በተወሰነበት ጊዜ ይህ ዓላማ በቀላሉ የሚታይ አልነበረም። ስለሆነም ተገቢው ጥያቄ ገደብ ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም የሚለው አይደለም። እያንዳንዱ ገደብ ምን ያህል አደጋ ይቀንሳል? ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው? የታጣውስ ኋላ ሊተካ ይችላል? የሚሉት ሦስቱ ናቸው።

የቆቦና የራያ ቆላ ኑሮ እነዚህን ጥያቄዎች በተጨባጭ ለማየት ይረዳል። አዋጁ የወጣው ዘግይቶ የሚደርሰው ማሽላ በሚዘራበት ወራት ነበር። ከሆርማትና ከጎሊና ወንዞች ጎርፍ ጠልፎ ማሳን ማጠጣት የብዙ ሰው ጉልበት በአንድነት ይጠይቃል፤ የአራት ሰው ወሰን ቃል በቃል ቢተገበር ሥራው ይስተጓጎላል። በአንጻሩ ሥራው ሜዳ ላይ ስለሚከናወን የመተላለፍ አደጋው በተዘጋ ቤት ከሚደረግ ስብሰባ ያነሰ ነው። እዚህ ላይ ገደቡ የሚያስከፍለው ብዙ፣ የሚያስገኘው ጥቂት ነው።

የሽማግሌዎች ጉባኤ ግን ከዚህ ይከብዳል። በራያ የደም ቂም የሚበርደው ዘወልድ በተሰኘው የእርቅ ሥርዓት ሲሆን፣ እርቁ የሁለቱን ወገን ዘመዶች መገኘት ይጠይቃል። ጉባኤው ቢቀር ደም ሊፈስ ይችላል፤ ቢካሄድ ደግሞ በሽታው ይበልጥ የሚገድላቸው አረጋውያን ናቸው የሚሰባሰቡት። እንዲህ ባለ ጊዜ ፍጹም ክልከላም ሆነ ፍጹም ቸልታ አይበጅም። ጉባኤውን ከዛፍ ጥላ ሥር፣ በርቀት ተቀምጦ፣ በተወካዮች ማካሄድ ሁለቱንም ጉዳት ይቀንሳል። ለቀብርና ለለቅሶ የሚሰባሰበው ቅሬም በተመሳሳይ መንገድ ሊደራጅ ይችላል።

የትምህርት ቤቶች መዘጋት ሦስተኛውን ጥያቄ ያነሣል። የቀረ ገበያ በሌላ ሳምንት ይቆማል፤ በተዘጉት ወራት የተዳረች ወይም ወደ ዓረብ አገር የተሰደደች ልጅ ግን ትምህርት ቤቱ በ2013 ዓ.ም. ሲከፈት ወደ ክፍሏ ላትመለስ ትችላለች። የጥቂት ሳምንታት መዘጋት ከወረርሽኙ ፋታ ይሰጣል። ወራት በተጨመሩ ቁጥር ግን የማይተካው ጉዳት ይበዛል። በሬዲዮና በቴሌቪዥን የተሰጠው ትምህርትም መብራትና መሣሪያ በሌለው የገጠር ቤት ክፍተቱን የሚሞላ አልነበረም።

በራያ ይህን ዋጋ ለይቶ መለካት አስቸጋሪ ነው። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የበረሃ አንበጣ መንጋ በማሽላና በጤፍ ሰብል ላይ ወረደ፤ ጥቅምት 24 ቀንም የሰሜኑ ጦርነት ተጀመረ። ጉዳቶቹ በአንድ ቤተሰብ ላይ ተደራርበዋልና አንዱን ከሌላው ለመለየት በየወሩ የተያዙ የትምህርት ቤት፣ የጤና ጣቢያና የገበያ መዝገቦችን ማነጻጸር ያሻል።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ገደብ ሲወጣ ዋጋውም አብሮ ሊመዘገብ እንደሚገባ ነው። የጊዜ ገደቡ አስቀድሞ ቢወሰን፣ አፈጻጸሙ ከሽማግሌዎች፣ ከሃይማኖት አባቶችና ከቅሬ ዳኞች ጋር ቢመከርበት፣ የማይተካ ጉዳት የሚያደርሰውም አስቀድሞ ቢነሣ፣ የሕዝቡ ጤናና ኑሮ ሳይነጣጠሉ ይጠበቃሉ።