በኑዛዜው ዘሮቹን የዋጀ ገበሬ

ፍራንክ ማክዎርተር እ.ኤ.አ. በ1777 በደቡብ ካሮላይና በባርነት ተወለደ። በኬንታኪ ጠረፍ የጌታውን እርሻ እያረሰ፣ በትርፍ ሰዓቱ ለባሩድ መሥሪያ የሚሆን ጨው አምርቶ በመሸጥ ጥሪት ቋጠረ። በ1817 በ800 ዶላር ያስቀደመው ራሱን ሳይሆን ነፍሰ ጡር ሚስቱን ሉሲን ነው፤ በዚያ ሕግ ልጅ የእናቱን ዕጣ ይከተላልና በማኅፀኗ ያለው ሕፃን ነፃ ሆኖ ተወለደ። ብልህ ስሌት ነበር። የራሱን ነፃነት የገዛው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

በኋላም በኢሊኖይ ጠፍ መሬት አቅንቶ አረሰ፤ በ1836 ኒው ፊላደልፊያ የተባለች ከተማ ቀይሶ ቦታዎቿን ሸነሸነ። ከሽያጩ የሚገኘው ገንዘብ የሚውለው ለቤተሰቡ ቤዛ ነበር። በ1854 ሲሞት በባርነት የቀሩ ዘሮቹ ከሀብቱ እንዲዋጁ ተናዞ ነበር፤ ልጁ ሰሎሞንም ኑዛዜውን አስፈጸመ።