ማርሚታው ምን በደለ?

ሃርድ ቶፕ ላንድክሩዘር የያዘ ሰው መኪናው ዳገት ላይ ሲለግምበት መጀመሪያ የሚጠረጥረው ማርሚታውን ነው። ጋራዥ ይገባል፣ ማርሚታው ይቆረጣል፣ በምትኩ ቀጥ ያለ ቱቦ ይበየዳል። ሲወጣ ድምፁ ወፍሯል፤ ባለቤቱም ሞተሩ ተነፈሰ ብሎ ደስ ይለዋል። እንዲህ ያለው ወጪ በሌላ አገር ምክንያት ሊኖረው ይችላል። በሰቆጣና በዋግ ኽምራ ደጋ ግን ገንዘቡን የሚያፈሰው በተሳሳተው የሞተር ጫፍ ላይ ነው። እዚያ ሞተሩን የሚቸግረው ጭስ ማስወጣት ሳይሆን አየር ማስገባት ነው። ጉልበት የፈለገ ሰው ሥራውን ከፊት፣ ከአየር ፊልትሮውና ከናፍታ ፖምፓው ይጀምር፤ የጭስ ማውጫው ወረፋ ከሁሉ በኋላ ነው።

ሞተሩን ለማያውቀው፦ ዋን ኤችዜድ ይባላል፤ ስድስት ሲሊንደር በአንድ ረድፍ፣ 4,164 ሲሲ፣ በናፍታ የሚሠራ፣ ቱርቦ የሌለው። ቶዮታ ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ላንድክሩዘር ላይ ሲገጥመው ኖሯል። ጉልበቱ 130 ፈረስ አካባቢ ነው። ይህን ቁጥር ዛሬ ትንንሽ የከተማ መኪኖች ስለሚያሳዩት ብዙ ሰው ሞተሩን ይንቀዋል፤ ንቀቱ ግን ያለ ቦታው ነው። ኮምፒውተር አይጠይቅም፤ ከፍተኛ የመጎተት አቅሙንም የሚሰጠው በደቂቃ 2,200 ዙር አካባቢ ላይ፣ ሳይጮህ፣ በዝግታ ሲዞር ነው። ለድንጋያማ አቀበትና መለዋወጫ ርቆ ለሚገኝበት አገር ከዚህ የተሻለ ጠባይ ያለው ሞተር ማግኘት ቀላል አይደለም። የአሜሪካ ወጣቶች በ1960ዎቹ ለነፖንቲያክ ጂቲኦና ለነፎርድ ማስታንግ የነበራቸው ፍቅር ለዚህ ሞተር ቢሰጥ አይበዛበትም።

ወደ አየሩ እንመለስ። ሰቆጣ ከባህር ወለል ከ2,200 ሜትር በላይ ላይ ናት። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባህር ጠረፍ ካለው አራት አምስተኛውን እንኳን አይሞላም። ፒስቶኑ ሲወርድ የሚስበው የአየር መጠን በሊትር ያው ነው፤ አየሩ ሳሳ እንጂ ሲሊንደሩ አልጠበበም። በውስጡ ያለው ኦክሲጅን ግን በአምስት አንድ ያህል ጎድሏል። አሁን ደግሞ የጭሱን መንገድ እንይ። ፒስቶኑ ጭሱን ሲገፋ ከቱቦው ጫፍ የሚገጥመው ተቃውሞ የውጭው አየር ግፊት ነው፤ እሱም በዚያው መጠን ቀንሷል። ከፍታው የፊቱን በር ሲያጠብ የኋላውን ራሱ ከፍቶታል ማለት ነው። ታዲያ ማርሚታ መቁረጥ የተከፈተን በር እንደገና ለመክፈት መታገል አይደለምን?

አንድ ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም፦ አሜሪካኖቹ የጭስ ማውጫ ሲቀይሩ ጉልበት ያገኙ የለም ወይ? አግኝተዋል፤ ምክንያቱም በስሌት ይታያል። ባለ 5.7 ሊትር ስምንት ሲሊንደር ሞተር በደቂቃ 5,000 ዙር ሲዞር ወደ 14,000 ሊትር አየር ይስባል። የእኛው ዋን ኤችዜድ በ2,200 ዙር የሚስበው ወደ 4,600 ሊትር ነው፣ አንድ ሦስተኛ ያህል። በአንድ ቱቦ ውስጥ የሚያልፍ ጋዝ የሚገጥመው ተቃውሞ ደግሞ በፍሰቱ መጠን ልክ ሳይሆን በካሬው ያድጋል፤ ፍሰቱ ሦስት እጥፍ ሲሆን ተቃውሞው ዘጠኝ እጥፍ ገደማ ይሆናል። እዚያ ጠባቡ የፋብሪካ ቱቦ እውነተኛ እንቅፋት ነበር። እዚህ በሁለተኛ ማርሽ ዳገት ለሚቧጥጥ የናፍታ ሞተር ያው እንቅፋት ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ማርሚታው ዝጎ ውስጡ ተደርምሶ ከተዘጋ ነገሩ ሌላ ነው፤ ያኔ በደህና ማርሚታ መቀየር እንጂ ማስወገድ መፍትሔ አይሆንም። የተቆረጠ ቱቦ ወለሉ ሥር ጭስ ሲያፈስ መርዙ ወደ ተሳፋሪው እንደሚገባም በያጁ ሊያስብበት ይገባል።

በተቃራኒው ወገን ያሉ መካኒኮች ደግሞ "ሞተር ከኋላ ትንሽ ግፊት ካልያዘው ጉልበት ያጣል" ይላሉ። ይህ አባባል ማርሚታውን ከመቆረጥ ስለሚያስተርፍ በውጤቱ ደግ ነው፤ በሐሳቡ ግን ስህተት ነው። የኋላ ግፊት ለየትኛውም ሞተር ጥቅም ሰጥቶ አያውቅም። ቱቦ ከመጠን በላይ ሲሰፋ የሚጠፋው የጋዙ ፍጥነት ነው። በፍጥነት የሚሮጥ ጭስ ከኋላው ያለውን ጭስ ስቦ ስለሚያወጣ፣ መግቢያና መውጫ ቫልቮላ ለቅጽበት አብረው በሚከፈቱባቸው የቤንዚን ሞተሮች ላይ ጠቀሜታው ጎልቶ ይታያል። ሰዎች የጋዙ ፍጥነት ሲጠፋ ያዩትን ጉዳት ግፊት በማጣት ተረጎሙት፤ ተሳስተው ትክክለኛ ምክር ሰጡ።

ከማርሚታ ቆራጭ የከፋው ግን የፖምፓ ነካኪ ነው። ከናፍታ ፖምፓው ጀርባ አንዲት ትንሽ ቡሎን በመጠበቂያ ዳዶዋ ታስራ ትገኛለች፤ የናፍታውን ጣሪያ የምትወስን እሷ ናት። ዳዶዋ ላልቶ ቡሎኗ ሩብ ዙር እንኳን ወደ ውስጥ ብትገባ በእያንዳንዱ ርጭት የሚገባው ናፍታ ይጨምራል። ባለመኪናው መጀመሪያ ላይ ልዩነት ሊሰማው ይችላል፤ ከዚያ የኋላ በሩ ጥላሸት ይለብሳል። አንድ ግራም ናፍታ ተቃጥሎ ለማለቅ ከ14 ግራም በላይ አየር ይፈልጋል፤ ጭስ ሳይጥል እንዲሠራ ደግሞ ከዚያም በላይ። አየሩ በአምስት አንድ በጎደለበት ሰቆጣ የፋብሪካው ልክ ራሱ ሊበዛ ይችላል። ለዚህ ሲባል ነው አንዳንዶቹ ፖምፓዎች ከፍታ ሲጨምር ናፍታውን የሚቀንስ መሣሪያ የሚገጠምላቸው። "ጭስ ካልጣለ አይጎትትም" የሚለው ወሬ እንግዲህ የተገለበጠ ነው፤ ጥቁር ጭስ ተገዝቶ ያልተቃጠለ ናፍታ ነው። በዋግ ደጋ ለሚውል ቱርቦ አልባ ሞተር ቡሎኗ የምትዞር ከሆነ ወደ ውጭ ትዙር። ከዚያ በፊት ግን ኖዝሎቹ ይፈተሹ፣ የቫልቮላው ክፍተት ይለካ፣ ፊልትሮው ይጽዳ። ፊልትሮው በኮምፕረሰር ሲጸዳ የሚነፋው ከውስጥ ወደ ውጭ ነው። ከውጭ የሚነፋ ሰው አቧራውን ወረቀቱ ውስጥ ይቀብረዋል፤ ወረቀቱ ከተበሳ ደግሞ አቧራው ፋሻዎቹን ይበላቸዋል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ አሁንም ጉልበት ለጎደለው መልሱ ቱርቦ ነው። በ1918 እ.ኤ.አ. ሳንፎርድ ሞስ የተባለ የጄኔራል ኤሌክትሪክ መሐንዲስ ሊበርቲ የተባለውን የአውሮፕላን ሞተር በከባድ መኪና አስጭኖ ኮሎራዶ ውስጥ ፓይክስ ፒክ ተራራ ላይ ወጣ። ተራራው 4,302 ሜትር ነው፤ የዋግ ጎረቤት ከሆነው ከላስታው አቡነ ዮሴፍ ጋር የሚተካከል። ዝቅ ባለ ቦታ 350 ፈረስ ይሰጥ የነበረው ሞተር አናቱ ላይ 230 ብቻ ሰጠ፤ ቱርቦው ሲገጠምለት 356 ደረሰ። ቱርቦ ገና ከጥንቱ የከፍታን ዕዳ ለመክፈል የዋለ ዕቃ መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ፈተና የለም። ለሰቆጣም ሩብ ባር ያህል ተጨማሪ ግፊት ሞተሩን ወደ ጠረፍ አየሩ ለመመለስ ይበቃዋል።

ይህን የሚቃወም ጠንካራ ማስረጃ አለ፤ የሚመጣውም ከራሱ ከቶዮታ ነው። ድርጅቱ በዚሁ 4,164 ሲሲ ላይ ዋን ኤችዲቲ የተባለውን ባለ ቱርቦ ሞተር ሲሠራ ቱርቦ ጨምሮ ብቻ አልተወውም። ናፍታው በቀጥታ ፒስቶኑ ላይ እንዲረጭ አደረገ፣ የመጭመቂያ ልኩንም ከ22 በላይ ከነበረበት ከ19 በታች አወረደው። የዋን ኤችዜድ ቴስታታ የቅድመ ማቃጠያ ጉድጓድ ስላለው ጭሱ ከልክ በላይ ሲግል ይሰነጠቃል፤ በቱርቦ የተበላሹት ብዙዎቹ በዚሁ መንገድ ነው የሄዱት። ማስረጃው እውነት ነው፤ የሚከለክለው ግን ስስትን ነው። ዋን ኤችዲቲ 165 ፈረስ አካባቢ ይሰጣል፤ ያንን ከዋን ኤችዜድ የሚጠብቅ ሰው ቴስታታ ይገዛል። የጎደለውን አየር ብቻ ለመመለስ የሚፈልግ ግን ትንሽ ቱርቦ፣ ያልተነካ የናፍታ ልክና ከቱርቦው በፊት የሚተከል የጭስ ሙቀት መለኪያ ይዞ በሰላም ሊኖር ይችላል። የጭስ ማውጫው ተራም ያን ጊዜ ይደርሳል፦ ቱርቦ የሚዞረው በፊቱና በኋላው ባለው የግፊት ልዩነት ስለሆነ ከእሱ በኋላ ያለውን ቱቦ ወደ ሦስት ኢንች ማስፋት ዋጋ አለው። ማርሚታው ግን አሁንም ቦታው ላይ ይቆይ።

መለኪያው በእርግጥ የሚያስፈልገው ሰቆጣ ከተማ ውስጥ ሳይሆን ከተከዜ ሸለቆ ሲወጣ ነው። ሸለቆው ውስጥ አየሩ ወፍራምና የጋለ ነው፤ ቱርቦው የሚጨምረው ሩብ ባር እዚያ ከጠረፉ ልክ ያልፋል፤ ቀጥሎ ያለው ደግሞ ጭነት ይዞ የሚወጣ ረጅም አቀበት ነው። መርፌው ወደ 700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ሾፌሩ ነዳጅ መጨመር የለበትም። ማርሽ ቀንሶ ሞተሩን ፈጠን አድርጎ ያዙረው፤ ለዚያው ሥራ ብዙ አየርና በእያንዳንዱ ርጭት ጥቂት ናፍታ ይደርሰዋል፣ መርፌውም ይወርዳል።