ቅብጠት ወይስ ፍርሃት? ክፉ ቀን ያየ ልጅን ስለ ማሳደግ

ጦርነት፣ መፈናቀል ወይም የቤት ውስጥ ጥቃት ያለፈበት ልጅ ብዙ ጊዜ የደረሰበትን አያወራም። በትንሽ ነገር ይገነፍላል፣ ዕቃ ይወረውራል፣ ታናሹን ይመታል፤ አለዚያም ጭራሽ ዝም ይላል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ከተካሄደው የሰሜኑ ጦርነት ወዲህ እንዲህ ያሉ ልጆችን የሚያሳድጉ ወላጆች፣ አያቶችና አክስቶች ጥቂት አይደሉም። ከዘመድ አዝማድ የሚሰሙት ምክር ግን አንዳንዴ ነገሩን ያባብሳል።

ተረት፦ «ልጅ ምን ያውቃል? ይረሳዋል።»

እውነታ፦ እ.ኤ.አ. በ1976 በካሊፎርኒያዋ ቻውቺላ 26 ልጆች ከትምህርት ቤት አውቶቡስ ታግተው፣ መሬት ውስጥ በተቀበረ ተሳቢ ውስጥ ተዘጋባቸው። ሁሉም በሕይወት ወጡ። የሥነ አእምሮ ሐኪሟ ሌኖር ቴር ከአራት ዓመት በኋላ ስታያቸው ግን ያነጋገረቻቸውን ልጆች በሙሉ ጉዳቱ አልለቀቃቸውም ነበር። አፍ ያልፈታ ሕፃንም ቢሆን የሆነውን መናገር ባይችልም በእንቅልፉና በድንጋጤው ያሳያል።

ተረት፦ «ቅብጠት ነው፤ ዱላ ያስተካክለዋል።»

እውነታ፦ በር ድንገት ሲጋጭ ልጁ አደጋው ተመልሶ የመጣ ይመስለዋል። አደጋን የሚያሸተው የአንጎል ክፍል ፈጥኖ ይነሳል፤ አመዛዝኖ የሚያበርደው የፊተኛው ክፍል ግን እስከ ሃያዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ድረስ ገና እያደገ ነው። በዚያች ቅጽበት ምክር አይገባውም፤ ዱላ ደግሞ ፍርሃቱን እውነት ያደርግበታል። እንዲህ ሲባል ልጁ ልቅ ይለቀቅ ማለት አይደለም። ድምፅን ዝቅ አድርጎ «መናደድ ትችላለህ፣ እህትህን መምታት ግን አይቻልም» ማለትና አጠገቡ መቀመጥ ነው። የጥፋቱ ነገር ሲበርድለት ይነሳል፤ የበተነውንም ያኔ ይሰበስባል።

ተረት፦ «አታንሱበት፤ ቁስሉን ትነካኩበታላችሁ።»

እውነታ፦ ያልተነገረውን ልጁ በራሱ ግምት ይሞላዋል፤ ብዙ ጊዜም «በእኔ ጥፋት ነው» ብሎ ይደመድማል። አባቱ የሞተበትን ልጅ «ሩቅ አገር ሄዷል» ማለት ዕለት ዕለት በር በሩን እንዲያይ ያደርገዋል፤ እውነቱን የሰማ ቀን ደግሞ የሚያምነው ሰው ያጣል። አስገድዶ ማናዘዝም አይገባም። ሲጠይቅ በዕድሜው ልክ እውነቱን መንገር፣ ሲበቃው መተው ነው።

ተረት፦ «በልቶ ካደረ፣ ሰላም ቦታ ከደረሰ ይበቃዋል።»

እውነታ፦ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሥነ ልቦና ተንታኞቹ አና ፍሮይድና ዶሮቲ በርሊንግሃም በቦምብ በምትደበደበው ለንደን ውስጥ ሕፃናትን ያሳድጉ ነበር። ብዙዎቹን ከቦምቡ ይልቅ ከእናት መለየቱ የባሰ ሲጎዳቸው ተመለከቱ። ልጅ መረጋጋትን ብቻውን አይማርም፤ በአጠገቡ ካለ የተረጋጋ ሰው ይወስዳል። ስለዚህ እራትና መኝታ ሰዓታቸውን ይጠብቁ፤ የሚወጣ ሰው መቼ እንደሚመለስ ይናገር፣ ባለው ሰዓትም ይመለስ። አሳዳጊዋም ሸክሟን የምታካፍለው፣ ልጁን ይዞ የሚያሳርፋት ሰው ያስፈልጋታል።

ተረት፦ «አንዴ ከተጎዳ አይመለስም።»

እውነታ፦ እ.ኤ.አ. በ2000 ቡካሬስት ውስጥ የተጀመረ ጥናት በማሳደጊያ ተቋማት የነበሩ 136 ሕፃናትን ተከታትሏል። በዕጣ ወደ አሳዳጊ ቤተሰብ የገቡት ከቀሩት የተሻለ ለውጥ አሳዩ፤ በተለይ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው የገቡት። መፍጠን ይጠቅማል፤ ዘገየ ማለት ግን አበቃ ማለት አይደለም።

ተረት፦ «ጸበል ከገባ ሐኪም ምን ያደርግለታል?»

እውነታ፦ ጸሎትና ሕክምና አይጣሉም። ቅዠቱና ቁጣው ከወር በላይ ከዘለቀ፣ መናገር ካቆመ ወይም ትምህርቱን ከተወ፣ በአቅራቢያ ካለ ጤና ጣቢያ ተነስቶ ወደ ሥነ አእምሮ ባለሙያ መድረስ ይገባል። ስለ መሞት ካወራ ወይም ራሱን ከጎዳ ግን ቀን አይቆጠርም፤ ብቻውን ሳይተዉት በዚያው ዕለት ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ነው።