ከ60 በኋላ አዲስ መቅኒ

የደም ካንሰር በአብዛኛው የአረጋውያን ሕመም ነው። አኪዩት ማየሎይድ ሉኪሚያ የሚባለው ዓይነት በአሜሪካ በምርመራ ሲገኝ የታማሚዎቹ መካከለኛ ዕድሜ 68 ገደማ ነው። በሽታውን ከሥሩ የመንቀል ተስፋ የሚሰጠው የስቴም ሴል ንቅለ ተከላ ግን ለረጅም ጊዜ ለወጣቶች ብቻ የሚሰጥ ነበር።

ችግሩ ዝግጅቱ ላይ ነበር። የለጋሹ ሴል ከመግባቱ በፊት የታማሚው መቅኒ በከባድ ኬሞቴራፒና በጨረር ሙሉ በሙሉ እንዲጠፋ ይደረጋል። ይህን የ20 ዓመት ወጣት ይቋቋመው ይሆናል፤ የ65 ዓመት ሰው ልብና ጉበት ግን ይከብዳቸዋል።

ውሎ አድሮ አንድ ነገር ግልጽ ሆነ፤ የለጋሹ ነጭ የደም ሴሎች ራሳቸው ካንሰሩን እያደኑ ይገድላሉ። እንዲህ ከሆነ መቅኒውን ሁሉ ማቃጠል ለምን ያስፈልጋል? በሲያትል፣ ዶናል ቶማስ እ.ኤ.አ. በ1990 የኖቤል ሽልማት ባገኙበት የፍሬድ ሀቺንሰን ማዕከል፣ ሬይነር ስቶርብና ባልደረቦቻቸው በውሾች ላይ ለዓመታት ሲያጠኑ ቆይተው በ1990ዎቹ መጨረሻ ቀለል ያለውን ዘዴ ለሰው አበቁት። እስከ 12 ግሬይ ይደርስ የነበረው ጨረር ወደ 2 ወረደ። የሚፈለገው የታማሚው የመከላከያ ኃይል ደክሞ እንግዳውን ሴል እንዲቀበል ብቻ ነው።

ሴሉ የሚሰጥበት ዕለት “ቀን ዜሮ” ይባላል። ቤተሰብ ኦፕራሲዮን ይጠብቃል፤ የሚያየው ግን ደም እንደሚሰጠው ሰው ከራስጌ የተንጠለጠለ ቀይ ፈሳሽ ያለበት ከረጢት ነው። ፈሳሹ በደም ሥር ይገባል፤ ሴሎቹም ወደ መቅኒው የሚወስደውን መንገድ ራሳቸው ያገኙታል። ጭንቀቱ ከዚያ በኋላ ነው። ጠዋት ጠዋት ደም ይቀዳል፣ ኒውትሮፊል የተባለው ነጭ ሴል ይቆጠራል። ቁጥሩ ሦስት ቀን በተከታታይ 500 እና ከዚያ በላይ ከሆነ “ያዘ” ይባላል።

ካንሰሩን የሚያጠቃው የለጋሹ ሴል የታማሚውን ቆዳ፣ አንጀትና ጉበትም ሊያጠቃ ይችላል። ሽፍታው፣ ተቅማጡ፣ የዓይን መድረቁ አንዳንዴ ለዓመታት ይዘልቃል። ይህን አስቀድሞ ያልነገረ ሐኪም ታማሚውን በድሏል እላለሁ። ያም ሆኖ ወደ ሉኪሚያ ሊለወጥ በሚችል ከባድ የመቅኒ ሕመም የተያዙ፣ ከ50 እስከ 75 ዓመት የሆኑ አሜሪካውያንን የተከታተለና በ2021 የታተመ ጥናት፣ ተስማሚ ለጋሽ ከተገኘላቸው 48 በመቶ ያህሉ ከሦስት ዓመት በኋላ በሕይወት እንደነበሩ አሳይቷል። ለጋሽ ካልተገኘላቸው መካከል በሕይወት የነበሩት 27 በመቶ ገደማ ናቸው።

ስለዚህ “ዕድሜያቸው ገፍቷል” የሚለው ቃል ብቻውን መልስ ሊሆን አይገባም። መታየት ያለበት የልብና የሳንባ አቅም፣ ኩላሊት፣ በራስ ተነስቶ መራመድ መቻል፣ እንዲሁም ቤት ውስጥ አስታማሚ መኖሩ ነው።

ለጋሽስ? አንድ ወንድም ወይም እህት በቲሹ ዓይነት ከታማሚው ጋር ሙሉ በሙሉ የመመሳሰል ዕድሉ ከአራት አንድ ነው፤ የ70 ዓመት ሰው ወንድም ደግሞ ራሱ አረጋዊ ነው። ልጆች በግማሽ ይመሳሰላሉ፤ በባልቲሞር ጆንስ ሆፕኪንስ የዳበረው ከንቅለ ተከላ በኋላ ሳይክሎፎስፋማይድ የተባለ መድኃኒት የመስጠት ዘዴ ግማሹም እንዲበቃ አድርጓል። ከዘመድ ውጭ ሲፈለግ የዘር ሐረግ ይወስናል፤ በአሜሪካው የለጋሾች መዝገብ ሙሉ ተመሳሳይ የማግኘት ዕድል ለነጮች 79 በመቶ፣ ለጥቁሮች 29 በመቶ ነው። በዋሽንግተን ወይም በአትላንታ የሚኖሩ የእኛ አረጋውያን ከዚህ ስሌት ውጭ አይደሉም። በዚህ መዝገብ ለጋሽ ሆኖ ለመመዝገብ ከ18 እስከ 40 ዓመት የሆነ ጤነኛ ሰው ጉንጩን ከውስጥ በጥጥ አስጠርጎ ናሙና ቢሰጥ ይበቃል።