ከተማ መያዝና አገር መያዝ፤ የሐምሌ 21 ቀን 1928 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ውጊያ



ለብዙ ዓመታት ታሪክ ሳስተምር ከተማሪዎቼ ደጋግሞ የሚቀርብልኝ አንድ ጥያቄ አለ፤ «ጣሊያን አምስት ዓመት ገዛን ወይስ አምስት ዓመት ተዋጋን?» የሚል። ጥያቄው የቃላት ጨዋታ ይመስላል፤ ግን አይደለም። «ገዛን» ያለ ሰው ጦርነቱ በማይጨው ወይም በአዲስ አበባ መያዝ አበቃ ማለቱ ነው። «ተዋጋን» ያለ ደግሞ ከአዲስ አበባ መያዝ በኋላ ሌላ ጦርነት ተጀመረ ማለቱ ነው። ተጀመረ ካልን መቼና የት እንደ ተጀመረ መናገር ይኖርብናል። ዛሬ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፤ የዚያ የሁለተኛው ጦርነት የመጀመሪያው ታላቅ ውጊያ ሐምሌ 21 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ላይ የተደረገው ነው፤ ውጊያው ቢሸነፍም ጥያቄውን የመለሰው እርሱ ነው።

«የመጀመሪያው ታላቅ ውጊያ» ስል ቃሉን መዝኜ ነው። የመጀመሪያው ጥይት አይደለም። የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ ከመግባቱ በፊት ኃይለ ማርያም ማሞ በሰሜን ሸዋ፣ በጫጫ፣ በጠላት ላይ አደጋ ጥሎ ነበር። ሰኔ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. ደግሞ ከሆለታ ጦር ትምህርት ቤት የወጡ ወጣት መኰንኖች ያሉበት የጥቁር አንበሳ ማኅበር በነቀምቴ አጠገብ፣ በቦነያ፣ በአውሮፕላን የመጡትን ጄኔራል ማሊዮኮንና ጓደኞቻቸውን ገድሏል። እነዚህ ግን አንድ ሽማግሌ እንዳለው በየጓዳው የተለኰሱ እሳቶች ናቸው። ብዙ መሪዎች ተመካክረው፣ ከብዙ አቅጣጫ ተነሥተው፣ አንድን ከተማ ለመያዝ የዘመቱበት የመጀመሪያው ዘመቻ የሐምሌ 21ዱ ነው።

አስቀድመን ዘመኑን በቀን በቀን እንየው። መጋቢት 22 ቀን የማይጨው ውጊያ ተደረገ። ሚያዝያ 24 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባን ለቀቁ። ሚያዝያ 27 ቀን ማርሻል ባዶልዮ ከተማዪቱን ያዘ። ግንቦት 1 ቀን ሙሶሊኒ በሮማ ሆኖ ኢትዮጵያ የጣሊያን ግዛት መሆኗን አወጀ። ሰኔ 23 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ በጄኔቫ ለመንግሥታት ማኅበር ንግግር አደረጉ፤ ከአራት ቀን በኋላ፣ ሰኔ 27 ቀን፣ ጉባኤው በጣሊያን ላይ የተጣለው የኢኮኖሚ ማዕቀብ እንዲነሣ ወሰነ። ማዕቀቡም ሐምሌ 8 ቀን ተነሣ። የውሳኔው መሠረት አንድ ነበር፤ ጦርነቱ አልቋል፣ ስለዚህ ቅጣቱ ጥቅም የለውም። በአሥራ ሦስተኛው ቀን አዲስ አበባ የጦር ሜዳ ሆነች።

አሁን ወደ ምድሩ እንውረድ። ከአዲስ አበባ የሚወጡትን መንገዶች የሚያውቅ ሰው የዚያን ቀን ውጊያ ግማሹን ተረድቷል። ከተማዪቱ በተራሮች የተከበበች ሰፊ ገበቴ ናት። በሰሜን እንጦጦ ቆሟል፤ ከጀርባው የሱሉልታ ሜዳ ተዘርግቷል፤ ከሰላሌ፣ ከፍቼና ከደብረ ሊባኖስ የሚመጣው መንገድ በሱሉልታ አልፎ እንጦጦን ተሻግሮ ይወርዳል። በሰሜን ምዕራብ ቡራዩ አለ፤ የሆለታ፣ የአምቦና የነቀምቴ መንገድ የሚገባው በእርሱ ነው። በደቡብ ምዕራብ በወጨጫ ተራራ ግርጌ ሰበታ አለ፤ የወሊሶ፣ የወልቂጤና የጅማ መንገድ የሚመጣው በዚያ ነው። በምሥራቅና በደቡብ ምሥራቅ በኩል ደግሞ የየረርና የአቃቂ አገር፣ የጅቡቲው ባቡርም ይገኛሉ። ዛሬ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሰው በየማለዳው በእነዚህ በሮች ወደ ሥራው ይገባል። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሸገር ከተማ አካል ሆነዋል። በ1928 ዓ.ም. ግን እነዚህ በሮች ከተማዪቱን የያዘ ሠራዊት ሌሊት ሌሊት በሥጋት የሚመለከታቸው ነበሩ።

ዕቅዱ የተነሣው ከዚህ መልክዐ ምድር ነው። የራስ ካሣ ልጆች ደጃዝማች አበራ ካሣና ወንድማቸው አስፋ ወሰን በሰላሌ፣ በፍቼ፣ ነበሩ። ከሰሜን ምዕራብ በኩል የሚመጣው ጦር የእነርሱ ነበር። ደጃዝማች ፍቅረ ማርያም አባ ተጫን ከምሥራቅ ይገባሉ። በዓድዋ በመድፈኛነታቸው ስማቸው የታወቀው፣ በዚያን ጊዜ ግን ሸምግለው የነበሩት ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ ከደቡብ ምዕራብ ይመጣሉ። በኋላ በሸዋ እስከ ነጻነት ድረስ የጸኑት አበበ አረጋይም በዘመቻው ተሰልፈዋል። ብፁዕ አቡነ ጴጥሮስ ከሰላሌው ጦር ጋር መጡ። እኚህ አባት በ1921 ዓ.ም. ከተሾሙት የመጀመሪያዎቹ አራት ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ ናቸው።

ጊዜውም በማስተዋል የተመረጠ ነበር። ሐምሌ ክረምት ነው። የጣሊያን ጦር ከሰሜን በደሴ በኩል የመጣበት የአፈር መንገድ በጭቃ ተውጧል፤ ከባድ መኪና አያልፍበትም። ከተማዪቱ ስንቅና ጥይት የምታገኝበት አስተማማኝ መስመር የጅቡቲው ባቡር ብቻ ሆኗል። ደመናው ሲወርድ አውሮፕላን ለመነሣት ይቸገራል። ከዚህ የበለጠ የተመቸ ወራት ሊገኝ አይችልም ነበር።

ነገር ግን ዝናብ ወገን አይለይም። የጠላትን መኪና ያሰመጠ ጭቃ የአርበኛውንም በቅሎ ያሰምጣል። የአቃቂና የቀበና ወንዞች ሲሞሉ ከምሥራቅ የሚመጣውንም ከምዕራብ የሚመጣውንም ያግዳሉ። ከሁሉ የከፋው ግን የመልእክት ነገር ነበር። ከሱሉልታ ሜዳ እስከ ሰበታ በቀጥታ ቢለካ ሩቅ አይደለም፤ በመካከሉ ግን የእንጦጦ ሰንሰለት፣ ወጨጫና የጠላት ከተማ ተጋርጠዋል። በጣሊያኖች እጅ ሬድዮና ስልክ አለ፤ በአርበኞች እጅ ያለው እግረኛ መልእክተኛ ነው። ስለዚህ አንዱ መሪ ሌላው መነሣቱን ወይም አለመነሣቱን የሚያውቀው የተኵስ ድምፅ ሲሰማ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ዘግይቷል።

የሆነውም ይኸው ነበር። ሐምሌ 21 ቀን አርበኞች ከተማዪቱ ውስጥ ድረስ ዘልቀው ገቡ። ከተማዪቱን የያዙት ወታደሮች፣ ከእነርሱም ብዙዎቹ ከቅኝ ግዛት የመጡ አስካሪዎች፣ በየምሽጋቸው ሆነው በመትረየስ ተከላከሉ። የከበባው ክንዶች ግን በአንድ ሰዓት አልተገናኙም። አንዱ ክንድ ሲመታ ሌላው ገና በመንገድ ነበር፤ ስለዚህ ጣሊያኖች ኃይላቸውን ከአንዱ በር ወደ ሌላው እያዛወሩ እያንዳንዱን በተራው ለመመለስ ቻሉ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሳምንታት የተደረጉት ሙከራዎችም ከተማዪቱን አላስለቀቁም። አቡነ ጴጥሮስ ተይዘው ሐምሌ 22 ቀን በአደባባይ በጥይት ተገደሉ። ሕዝቡም ምድሪቱም ለወራሪው እንዳይገዙ አውግዘው እንደ ሞቱ ይነገራል።

ይህን ውጊያ በሌላ አገር ከሆነ ነገር ጋር አነጻጽሬ ላሳያችሁ እወዳለሁ፤ ንጽጽሩ የራሳችንን ነገር አጉልቶ ያሳያልና። የዓድዋ ድል ሦስት ዓመት ሳይሞላው፣ በ1899 እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 4 ሌሊት፣ በፊሊፒንስ ዋና ከተማ በማኒላ ዳርቻ አንድ አሜሪካዊ ዘበኛ ወደ ፊሊፒኖ ወታደሮች ተኰሰ። የአሜሪካ ጦር ከተማዪቱን ይዟል፤ የአጊናልዶ ፊሊፒኖዎች በዙሪያዋ ምሽግ ቈፍረው ከብበዋታል። አስቀድማ፣ በዲሴምበር 1898፣ ስፔን በፓሪስ ውል ደሴቶቹን በ20 ሚሊዮን ዶላር ለአሜሪካ አስተላልፋለች፤ በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ፊሊፒኖ አልተቀመጠም። ውጊያው በተነሣ በሁለተኛው ቀን የአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ውሉን አጸደቀ። ውጊያው በተነሣ በማግስቱ አጊናልዶ ተኵስ እንዲቆም ቢጠይቁም የአሜሪካው አዛዥ አልተቀበሉም። ፊሊፒኖዎች ከማኒላ ዙሪያ ተገፉ፤ ጦርነቱ ግን አላበቃም። በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ መደበኛው ሠራዊት ተበትኖ ወደ ደፈጣ ውጊያ ዞረ። አጊናልዶ የተያዙት በ1901፣ አሜሪካ ጦርነቱ አበቃ ያለችው በ1902 ነው።

ልዩነቱን አልሸሽግም። በማኒላ ከባቢዎቹ ምሽጋቸውን ይዘው ሲጠብቁ ተመቱ፤ በአዲስ አበባ ከባቢዎቹ ራሳቸው አጠቁ። ፊሊፒንስ በመጨረሻ ተሸንፋለች፤ ኢትዮጵያ በአምስተኛው ዓመት ነጻ ወጥታለች፤ ለዚህም በ1933 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መግባት ድርሻ ነበረው። ሁለቱን የሚያመሳስላቸው ነገር ግን ትልቅ ነው። በሁለቱም ቦታ ሩቅ አዳራሽ ውስጥ «ነገሩ አልቋል» የሚል ፊርማ ተፈርሟል፤ በሁለቱም ቦታ ባለአገሩ አልተጠየቀም፤ በሁለቱም ቦታ ከተማ የያዘ ሠራዊት አገር እንዳልያዘ የታወቀው በከተማው ዙሪያ በተደረገ ውጊያ ነው። ሁለተኛም፣ በሁለቱም ቦታ ከበባው በካርታ ላይ ቀለበት ነበር፤ በአዛዥነት ግን ቀለበት አልነበረም። ቀለበት ያልተያያዘ ከሆነ የብረት ቁርጥራጭ ነው።

ስለዚህ ከሐምሌ ውጊያ የተማሩ ሁሉ የተማሩት አንድ ነገር ነበር፤ በሰልፍ ገጥሞ ከተማ ማስለቀቅ እንደማይቻል። ትምህርቱ በደም የተገዛ ነው። ደጃዝማች ባልቻ በውጊያ ወደቁ። ደጃዝማች አበራና አስፋ ወሰን የምሕረት ቃል አምነው ገቡ፤ ታኅሣሥ 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በፍቼ ተገደሉ። ሙሶሊኒ አስቀድሞ በግንቦት 1928 ዓ.ም. የሚማረኩ «ዐመፀኞች» እንዲገደሉ አዝዞ ነበርና ቃሉ ከመጀመሪያውም ባዶ ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ በአዲስ አበባ፣ በግንቦትም በደብረ ሊባኖስ የፈሰሰው ደም የዚያው ፖሊሲ ፍሬ ነው። ከዚህ ሁሉ የተረፉት እንደ አበበ አረጋይ ያሉት መሪዎች ግን ውጊያውን ወደ ገደሉና ወደ ጫካው ወሰዱት፤ ከተማዪቱን ትተው መንገዶቹን ያዙ። ጣሊያኖች በየኮረብታው ምሽግ ለመሥራት የተገደዱት ከዚህ የተነሣ ነው። ምሽግ የሚሠራ ገዢ ደግሞ ገና ያልገዛ ገዢ ነው።

እውነቱን ሙሉ ለማድረግ አንድ ነገር ልጨምር። በአዲስ አበባ ዙሪያ ያለው ባለአገር ሁሉ አርበኛ አልነበረም። የገባ መኳንንት ነበረ፤ የተገደደ ነበረ፤ በቀድሞው አገዛዝ የደረሰበትን በደል አስታውሶ ዝም ያለም ነበረ። ጣሊያኖችም ይህን ቁስል እያወቁ ነክተውታል። የሐምሌው ከበባ የላላው በዝናብና በመልእክት ማጣት ብቻ ነው ብዬ ባስተምር ለተማሪዎቼ ግማሽ ታሪክ መስጠቴ ነው። ሆኖም ይህ የዘመቱትን ሰዎች ዋጋ አይቀንስም፤ ይልቁንም ከፍ ያደርገዋል፤ የዘመቱት ሁሉም ሰው ስለ ዘመተ አልነበረምና።

እንግዲህ ወደ ጥያቄው ስመለስ መልሴ አጭር ነው። በሐምሌ 8 ቀን ዓለም ጦርነቱ አብቅቷል አለ፤ በሐምሌ 21 ቀን በሱሉልታና በሌሎቹ በሮች የመጡ ሰዎች አላበቃም አሉ። ተሸንፈዋል፤ ግን የተናገሩት እውነት ነበር። ለተማሪዎቼ የምሰጠው የቤት ሥራም ይህ ነው፤ በሰበታ፣ በቡራዩ ወይም በሱሉልታ የምትኖሩ ሁሉ ከአካባቢያችሁ ሽማግሌዎች ዘንድ ሂዱ፣ የዚያን ክረምት ወሬ ከአያቶቻቸው የሰሙ ካሉ ስም፣ ቦታና ቀን ለይታችሁ ጻፉ። የመሪዎቹን ስም ታሪክ ይዞታል። በቅሎ የጫነው፣ ወንዝ ያሻገረው፣ መልእክት ይዞ በወጨጫ በኩል የዞረው ሰው ግን ገና ስም አላገኘም፤ የሚያስታውሱትም በየዓመቱ እያነሱ ናቸው።